ትኩሳት የገለጠው ስውር ደዌ

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ሕሙማን አጠባበቅ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ነገር ከወትሮው ጥቂት የጠለቀ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከእናቱ ማሕፀን ይዞት ተወልዶ፥ ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ ሳያውቀው አብሮት ኖሮ፥ ብርቱ ሕመም ባገኘው ጊዜ በድንገት ስለሚገለጥ ደዌ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ የማያውቀው በሽታ ሲሆን ምን ይደረጋል? የመልሱ እኩሌታ ከሐኪሙ እጅ፥ እኩሌታው ደግሞ ከቤተ ሰቡ ትዝታ የሚገኝ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆንልን አንድ ቤት በአሳባችን እንሥራ፤ ስለ አንድ ስለታወቀ ሰው መናገራችን አይደለም፤ ሐኪሞች በልዩ ልዩ አገር ደጋግመው ያዩትን በአንድነት መሰብሰባችን ነው። የሁለት ሴቶች ልጆች እናት የሆነች አንዲት የ34 ዓመት ወይዘሮ የሳንባ ምች ያዛት። ሦስት ቀን እህል በአፏ ሳይዞር ሰነበተች። ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ተወስዳ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ተቀበለች፤ በአራተኛውም ቀን ትኩሳቱ በረደ፥ ሳሉም ቀለለላት። ቤተ ሰቡ ተመስገን ሲል በዚያው ሌሊት ማስመለስ ጀመራት። የጠየቋትን ትታ ያልጠየቋትን ትመልስ፥ ትልቋን ልጅ በማታውቀው ሰው ስም ትጠራ ጀመር። ሊነጋ ሲል እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች፤ ከዚያ በኋላ ቢቀሰቅሷት አልነቃ አለች።

በአልጋዋ ዙሪያ የቆመው ሁሉ በየበኩሉ ፈረደ። አንዱ ትኩሳቱ ወደ ራሷ ወጣ አለ፤ ሁለተኛው ልክፍት ነውና ወደ ጠበል ትወሰድ አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ በቅርብ ከደረሰባት ኀዘን የተነሣ ነው አለ። ሐኪሙ ግን ትኩሳት ያለበት ሰው አእምሮው በታወከ ጊዜ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባውን በተራ መረመረ፤ ወባን፥ ማጅራት ገትርን፥ የደም ስኳር ማነስን፥ የኵላሊትንና የጕበትን ነገር አየ። ከእነዚህ አንዱም አልተገኘም። ትኩሳቱ እየቀነሰ አእምሮዋ የሚጨልመው ለምንድር ነው ብሎ ቢጨነቅ ወደ እናቲቱ ዞር አለና፥

«እሜቴ፥ ልጅዎ ከዚህ ቀደም እንዲህ ሆና ታውቃለችን? ከዘመድስ መካከል በዚህ ዓይነት ያለፈ ሰው አለን?» ሲል ጠየቃቸው።

እናቲቱ ለጊዜው ዝም አሉ። ቈይተውም፥ «ጌታዬ፥ ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ሥጋ አትወድም። በፋሲካ እንኳ ሌላው ቍርጡን ሲበላ እርሷ ሽሮዋን ትፈልጋለች፤ መነኵሲቷ እያልን እንሥቅባት ነበር። በግድ የበላች ቀን ራሷን ያማታል፥ ያስመልሳታል። የዘመዱን ነገር ከጠየቁኝ ግን፥ ከእርሷ በፊት ሁለት ወንዶች ወልጄ ነበር። ሁለቱም ደኅና ሆነው ተወለዱ፤ በሦስተኛው ቀን ጡት እንቢ አሉ፤ ደነዘዙ፤ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱብኝ። ሾተላይ አለባት ተባልሁ። ክርስትና ሳይነሡ ስለ ሞቱ ስም እንኳ የላቸውም፤ በቤታችንም አናነሣቸውም» አሉት።

ሐኪሙ ይህን እንደ ሰማ ከበሽተኛዋ ደም ቀድቶ፥ በበረዶ ውስጥ አስቀምጦ፥ ሳይዘገይ ወደ መመርመሪያው ክፍል ላከ። መልሱም አሞኒያ የሚባለው ነገር በደሟ ውስጥ ከሚገባው መጠን አምስት እጅ በዝቶ መገኘቱን የሚገልጥ ሆነ።

አሞኒያ ምን እንደሆነ እንመልከት። በምንበላው በሥጋ፥ በእንቍላል፥ በወተት፥ በባቄላና በምስር ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ሰውነትን የሚገነባ ነገር አለ። ሰውነታችን ፕሮቲኑን አፍርሶ ለሥራው ሲያውለው ናይትሮጅን የተባለው ክፍል በትርፍነት ይቀራል፤ ከዚህም አሞኒያ ይገኛል። አሞኒያ ሲበዛ ለአንጎል መርዝ ነው። በጤነኛ ሰው ግን ጕበት ይህን መርዝ እየተቀበለ ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፤ ዩሪያውም በኵላሊት በኩል ከሽንት ጋር ይወጣል። ዛሬ ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ዩሪያ ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ጕበት ይህን ሥራ እንዴት እንደሚፈጽም የገለጡት ሐንስ ክሬብስና ኩርት ሄንሰላይት ናቸው። በ1932 በፈረንጅ አቈጣጠር በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ፥ በስሱ የተቈረጠ የአይጥ ጕበት እየመረመሩ፥ ሥራው እንደ መንኰራኵር እየዞረ ወደ መነሻው የሚመለስ መሆኑን አሳዩ። ክሬብስ በትውልዱ አይሁዳዊ ስለ ነበረ በሚከተለው ዓመት የናዚ መንግሥት ከሥራው አስወጣው፤ እርሱም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ፤ በ1953ም ስለ ሌላው ታላቅ ግኝቱ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ይህ መንኰራኵር የሚዞረው ስድስት ኢንዛይሞች እንደ አንድ ቤት ሠራተኞች ሥራውን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት ነው። ከስድስቱ አንዱ ከልደት ጀምሮ የጐደለ ወይም የደከመ እንደ ሆነ ሥራው ይታጐላል፥ አሞኒያውም ይጠራቀማል። እንዲህ ያለ ከዘር የሚወረስ የሰውነት አሠራር ጕድለት መኖሩን አስቀድሞ ያስተማረው አርቺባልድ ጋሮድ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ትምህርቱንም በ1908 በሎንዶን ከተማ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት አሰምቷል። ከስድስቱ ኢንዛይሞች ብዙ ጊዜ ተጐድቶ የሚገኘው ኦርኒቲን ትራንስካርባሚሌዝ ይባላል። ደዌው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም፤ በአሜሪካ አገር የስድስቱም ጕድለት በአንድነት ሲቈጠር ከ35,000 ልደቶች በአንዱ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። ዳሩ ግን ለሚያገኘው ቤት ጥቂት መሆኑ አያጽናናም፤ ሐኪሞችም ደጋግመው ስለማያዩት በቶሎ አያስቡትም።

ታዲያ ሠላሳ አራት ዓመት ተደብቆ የኖረው ለምን በሳንባ ምች ጊዜ ተገለጠ? አንድ ጠባብ ቦይ በበጋ ውኃውን ሁሉ ሲያሳልፍ ኖሮ የክረምት ጐርፍ በመጣ ጊዜ ሞልቶ ወደ ቤት ይገባል፤ የጕበትም ነገር እንዲሁ ነው። ኢንዛይሙ ጨርሶ ያልጠፋ፥ ነገር ግን የደከመ የሆነ ሰው በደኅናው ጊዜ የሚበቃውን ያህል ይሠራለታል፤ በተለይም ሥጋን እየሸሸ የሚኖር ከሆነ ሸክሙ ይቀልለታል። ብርቱ ሕመም በያዘው ጊዜ ግን ሁለት ነገር ባንድነት ይመጣበታል። አንደኛ፥ እህል መብላት ያቆማል። ሁለተኛ፥ ሰውነቱ ከበሽታው ጋር ሲዋጋ የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ይመገባል። ከውጭ ሥጋ ያልበላ ሰው ከውስጥ የራሱን ሥጋ በላ ማለት ነው። ከዚህም የሚወጣው ናይትሮጅን እንደ ጐርፍ ወደ ጕበት ይወርዳል፤ ደካማው ኢንዛይም አይችለውም። ስለዚህ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ እንኳ አእምሮው እየጨለመ ሊሄድ ይችላል።

ደዌውን የሚቀሰቅሰው ትኩሳት ብቻ አይደለም። ትልቅ ቀዶ ጥገና፥ ብዙ ቀን ያለ ምግብ መቈየት፥ እንደ ኮርቲዞን ያሉ መድኃኒቶች፥ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድ የተባለው መድኃኒትም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። በተለይ ስለ አራስ እናቶች ልናሳስብ እንወዳለን። ከወሊድ በኋላ ማሕፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ሲመለስ ብዙ ፕሮቲን ይፈርሳል፤ በዚህ ላይ የወሊድ ትኩሳት ቢጨመር፥ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። አራስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስትቀባጥር ወይም ስትፈዝ ቢያዩዋት፥ መንፈስ አገኛት ብሎ በር ዘግቶ መጠበቅ ነፍሷን ሊያሳጣት ይችላል።

አሁን ወደ ትውልዱ ነገር እንመለስ። ኦርኒቲን ትራንስካርባሚሌዝን የሚያሠራው ጂን የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንድ ግን አንድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጂኑ ፈጽሞ የተበላሸበት ወንድ ልጅ ምትክ የለውም፤ ደኅና ሆኖ ይወለድና ወተት መጥባት ከጀመረ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ይደነዝዛል። ሴት ልጅ ግን ሁለተኛው ኤክስ ስላላት አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሆና ትኖራለች። ነገር ግን ሁሉም እንዲህ አይደሉም። በ1961 ሜሪ ላየን የተባለችው እንግሊዛዊት ሊቅ በእያንዳንዱ የሴት ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ ኤክስ አንዱ ብቻ እንደሚሠራ፥ ሁለተኛው ዝም እንደሚል አስተማረች። ዝም ያለው በአብዛኛው የጕበት ክፍል ደኅናው ኤክስ የሆነባት ሴት፥ እንደ ምሳሌአችን ወይዘሮ፥ በአንድ ክፉ ሕመም ጊዜ ትገለጣለች። ደግሞም ጕድለቱ ቀላል የሆነባቸው ወንዶች አሉ፤ እነርሱም ጐልምሰው፥ አንዳንዶቹም ሸምግለው ሳሉ ይገለጥባቸዋል።

ጂኑን የያዘች እናት ለምትወልደው ለእያንዳንዱ ልጅ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ የማስተላለፏ ዕድል እኩሌታ ነው። ቀላሉ ጕድለት ያለበት አባት ግን ለሴቶች ልጆቹ ሁሉ ያስተላልፋል፤ ለወንዶች ልጆቹ አያስተላልፍም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጕድለቱ በዘሩ ሳይኖር በአንዱ ልጅ ላይ አዲስ ሆኖ ይጀምራል።

እዚህ ላይ እኛን በልዩ የሚመለከት ነገር አለ። በአገራችን ትውልድ መቍጠር የጨዋ ልጅ ትምህርት ነው። ለርስት፥ ለማዕረግ፥ ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት እንቈጥራለን፤ የማን ልጅ የማን የልጅ ልጅ እንደሆን ስንጠየቅ አናፍርም። ነገር ግን በቍጥራችን ውስጥ ሁለት ነገር ይጐድላል። ስማችን የሚጠራው በአባት ስለሆነ የእናቶች ወንድሞች በቶሎ ይረሳሉ። ከዚህም የበለጠ፥ ወንድ ልጅ በ40 ቀን ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለችና፥ በሳምንቱ የሞተ ሕፃን ስም ሳይወጣለት ይቀበራል፤ ስም የሌለውም በትውልድ ቍጥር አይገባም። ሐኪሙ ሊሰማው የሚፈልገው ግን እነዚህኑ ነው። በምሳሌአችን ቤት እናቲቱ አፍረው ዝም ቢሉ ኖሮ፥ ሁለቱ ስም የሌላቸው ሕፃናት እኅታቸውን ባላዳኗት ነበር።

እናቲቱም ዝም ለማለት ምክንያት ነበራቸው። ወንዶች ልጆቿ የሞቱባትን ሴት ሾተላይ አለባት ማለት የቈየ ልማድ ነው፤ ባልም ይርቃታል፥ ጎረቤትም ያማታል። ቤተ ሰቡም ሴቶች ልጆቹ ባል እንዳያጡ ብሎ ነገሩን ይሸፍናል። ሕፃናት በተደጋጋሚ የሚሞቱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት አለ፥ ልዩ ልዩ ተላላፊ በሽታ አለ፥ ይህም ደዌ አንዱ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የእናቲቱ ኀጢአት ወይም ነውር አይደለም። ነውር ሆኖ የሚቈጠር ነገር ቢኖር፥ እኛ በሐሜታችን የእናትን አፍ ዘግተን ሐኪሙ እውነቱን እንዳይሰማ ማድረጋችን ነው።

እንግዲህ በቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው የሚከተለውን ልብ ይበል። በሽተኛው ብርቱ ሕመም ይዞት ሳለ ትኩሳቱ ከሚያስረዳው በላይ ቢፈዝ፥ ጠባዩ ቢለወጥ፥ ሳያቋርጥ ቢያስመልሰው፥ ያለ ሳል ትንፋሹ ቢፈጥን፥ ቢንገዳገድ ወይም ቢያሸልበው፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። እዚያም ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ ቤተ ሰቡ ራሱ ይናገር፤ ሥጋ ሲበላ የሚያመው ወይም ከልጅነቱ ሥጋ የሚሸሽ መሆኑን፥ ከዚህ ቀደም በታመመ ወይም በጾመ ጊዜ አእምሮው ታውኮ እንደሆነ፥ በእናቱ ወገን በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንዶች መኖራቸውን፥ ከዘመድ በአራስነት ወይም በትኩሳት ጊዜ ቀባጥሮ የሞተ መኖሩን ይግለጥ። ከዚያም «የአሞኒያ ምርመራ ያስፈልገው ይሆን?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ሐኪሙን ማስተማር አይደለም፥ መርዳት ነው።

በጤነኛ ዐዋቂ የአሞኒያው መጠን በአንድ ሊትር ደም ዘወትር ከ50 ማይክሮሞል አያልፍም፤ 200 ካለፈ ብርቱ አደጋ አለ። ጕበቱ የታመመ ሰውም አሞኒያው ሊበዛ ይችላል፤ ዩሪያን የሚያፈርሱ አንዳንድ ተውሳኮችም ያበዙታል። ስለዚህ ሐኪሙ ደሙንና ሽንቱን፥ በመጨረሻም ጂኑን መርምሮ ይለያል። ይህ ሁሉ ምርመራ በየሐኪም ቤቱ የሚገኝ ስላልሆነ ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት መላክ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እስከዚያው ግን ሕክምናው አይቈይም።

ሕክምናውም እንዲህ ነው። ትኩሳቱን ያመጣው በሽታ በመድኃኒቱ ይታከማል። ፕሮቲን ያለበት ምግብ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይከለከላል፤ ከዚያ በላይ ከቈየ ሰውነቱ እንደገና ራሱን ስለሚበላ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይመለሳል። በዚሁ ጊዜ የስኳር ውኃ በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ይህም ሰውነቱ ጡንቻውን ማፍረሱን እንዲተው ነው። ደግሞም ሶዲየም ቤንዞኤትና ሶዲየም ፌኒልአሴቴት የተባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ እነዚህ ናይትሮጅኑን በሌላ መንገድ ይዘው ከሽንት ጋር ያስወጡታል። ይህን መንገድ በ1979 ሶል ብሩሲሎውና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ አስታወቁ። አሞኒያው እጅግ የበዛ እንደ ሆነ ደሙ በመኪና ይታጠባል። ሰዓቱ ግን ብርቱ ነገር ነው፤ በሽተኛው ራሱን ስቶ የቈየበት ጊዜ በረዘመ መጠን አንጎሉ ይጐዳል፤ እጅግ የዘገየውም አይድንም። በጊዜው የደረሰ ግን አእምሮው ሊመለስለት ይችላል። የምሳሌአችንም ወይዘሮ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ሁለቱን ልጆቿን በየስማቸው ጠራች እንበል፤ እንዲህ ያለ ደስታ ያዩ ቤቶች በእውነት አሉ።

ይህን ያነበበ ሰው ግን ወደ ሌላው ስሕተት እንዳይሄድ እናሳስባለን። ለአብዛኛው በሽተኛ የዶሮ መረቅ፥ እንቍላልና ወተት ኃይል የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ሐኪም ሳያዝ መከልከል ጕዳት ነው። ሥጋ የማይወድ ሁሉም በሽተኛ አይደለም። ደዌው እንዳለበት በምርመራ የተረጋገጠ ሰው ግን የፕሮቲኑን መጠን ሐኪም ይወስንለታል፤ በታመመ ቀንም ያለ ምግብ አይዋል። ጾም ሲሆንም ነገሩን ለነፍስ አባቱ ገልጦ ምክር ይቀበል፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ የታወቀ ነው። ቀዶ ጥገና ወይም ወሊድ በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። እኅቶቹ፥ የእናቱ እኅቶችና ሴቶች ልጆቹም ይመርመሩ፤ ጂኑን የያዘች ሴት ቀድማ ካወቀች ራሷንም ሆነ የምትወልደውን ልጅ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ለማስጠበቅ ትችላለች። እንዲህ ያለች ልጅ ለትዳር አትሆንም ማለት ድንቍርና ነው፤ ያወቀች እናት ካላወቀች ይልቅ ልጆቿን ታድናለች።

አባቶቻችን በዳዊታቸው ባዶ ገጽ ላይ የልጆቻቸውን የልደት ቀን የመጻፍ መልካም ልማድ ነበራቸው። እኛም በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ገዝተን፥ ከአያቶቻችንና ከአክስቶቻችን ዘንድ ተቀምጠን፥ በቤታችን የተወለደውን ሁሉ በአባትም በእናትም ወገን እንጻፍ። ክርስትና ሳይነሣ የሞተውንም «ወንድ ልጅ፥ በአራተኛው ቀን፥ ጡት እንቢ ብሎ» ብለን በተራው እናስገባው። አያቶቻችን ሲጠየቁ ያለቅሱ ይሆናል፤ ብዙ ዘመን ማንም ጠይቋቸው አያውቅምና። ደብተሩንም ከቤቱ ሰነዶች ጋር አኑረን፥ ከቤተ ሰቡ አንዱ በታመመ ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይዘነው እንሂድ።